ገበታ ዙሪያ፦ ከፍለሽ የገባሽበትም የሰው ቤት ነው

ባለፈው እትም ስለ ሰፐር ክለብ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ያልሰማችሁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ አሥርም አሥራ ሁለትም ሰው አስቀምጦ እራት ያበላል። ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ቀድሞ ይከፈላል። ምግብ አይመረጥም፣ የቀረበውን ሁሉም ይበላል። አድራሻው ብዙ ጊዜ የሚላከው ከተከፈለ በኋላ ነው። አጠገብሽ የሚቀመጠውን ሰው ላታውቂው ትችያለሽ። ለንደን ውስጥ ነገሩ በደንብ የታወቀው እንደ አውሮፓውያኑ በ2009 ገደማ ነው። ሬስቶራንት አይሉት ግብዣ፣ በሁለቱ መሃል ያለ ነገር ነው። ጣጣውም ሁሉ የሚመጣው ከዚያው መሃል ላይ ነው።

ረጅሙን ደብዳቤ አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ገበታ ዙሪያ። የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው። አምስት ጓደኛሞች ነን፣ ከተዋወቅን አሥር ዓመት አልፎናል። አንዷ የሥራ ባልደረባዋ የጠቆመቻት፣ በአንዲት ኢራናዊት ቤት የሚዘጋጅ እራት ነበርና በነፍስ ወከፍ 45 ፓውንድ ከፍላ ለሁላችን ቦታ ያዘች። የተባልነው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፣ የደረስነው ሁለት ከሩብ ላይ። ያው የኛን ነገር ታውቂው የለ። በዚያ ላይ አንዷ ጓደኛችን ጠዋት ልጇ ታሞባት ቀረች፣ ሌላዋ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቷን ልጅ ይዛ ከች አለች። እኛም ቁጥሩ ያው አምስት ነው፣ ምን ችግር አለው ብለን ገባን። ሴትየዋ በሩን ስትከፍት ፊቷ ልክ አልነበረም። ስድስት ሌሎች ሰዎች ተቀምጠው እኛን ይጠብቃሉ። ወጡ ሲመጣ የአክስቷ ልጅ የለውዝ ዓይነት ነገር አይስማማኝም አለች፣ ለካ ወጡ የተሠራው በዋልነት ነው። ሴትየዋ ክው አለች። ለልጅቷ ሩዝና ሰላጣ ብቻ ሰጠቻት። አሁን ደግሞ የቀረችው ጓደኛችን 45 ፓውንዴ ይመለስልኝ ትላለች፣ የያዘችልን ልጅ ባለቤቲቱን ለመጠየቅ አፍራለች፣ የዋትሳፕ ግሩፓችን ጭር ካለ ሁለት ሳምንት ሆነው። ማን ነው ጥፋተኛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁላችሁም። የታመመው ልጅ ብቻ ነው ነጻ የሚወጣው።

ከሰዓቱ ልጀምር። ሬስቶራንት 45 ደቂቃ ብትዘገዪ ጠረጴዛሽን ለሌላ ይሰጡታል እንጂ የሌላ ሰው እራት አይበላሽም። እዚህ ግን ድስቱ አንድ ነው፣ የሚወጣውም አንዴ ነው። የኢራን ቤት ከነበራችሁ ደግሞ ታህዲግ ሳይቀርብላችሁ አይቀርም፣ ከድስቱ ሥር ወርቅ መስሎ የሚጠበሰው የሩዝ ቅርፊት። ሩዙ መጀመሪያ በግማሽ ይቀቀላል፣ ውኃው ይጠልላል፣ ከዚያ ዘይት ወይም ቅቤ ወዳለበት ድስት ይመለስና ክዳኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቀስ ባለ እሳት በእንፋሎቱ ይበስላል። ድስቱ የሚገለበጠው እንግዳው ሁሉ ሲቀመጥ ነው። ቀድማ ብትገለብጠው ቅርፊቱ ይረጥባል፣ እሳቱ ላይ ብታቆየው ያርራል። ያቺ ሴት 45 ደቂቃ ሙሉ አንድ ዓይኗ በር ላይ አንድ ዓይኗ ድስት ላይ ሆና ነው የቆየችው። አንቺ ለእንግዳ ለብለብ ክትፎ አቅርበሽ ቅቤው እስኪረጋ እንግዳው ባይመጣ ፊትሽ ምን ይመስል ነበር? ስድስቱን ሰዎች ደግሞ አትርሺያቸው። እነሱም 45 ፓውንድ ከፍለዋል።

የአክስት ልጅ ነገር። ቁጥሩ ያው ነው የሚለው ለሰርግ ያስኬዳል፣ ለዚህ አያስኬድም። አንድ ሰው ቀርቶ ሌላ መተካት ራሱ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ባለቤቲቱ ባዶ ወንበር ከምታይ ደስ ይላታል። ግን መልእክት ይላካል። ጠዋት ልጁ እንደታመመ ስታውቁ፣ "አንዷ አትመጣም፣ በሷ ቦታ ሌላ ሰው ይምጣ? የማትበላው ነገር ይህ ነው" ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ሴትየዋም ለልጅቷ ለብቻ ትንሽ ነገር ትሠራላት ነበር። ይህን አቅልለሽ አትዪው። ዶሮ በዋልነትና በሮማን የሚሠራው ወጥ፣ ፌሰንጃን የሚሉት፣ መልኩ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ውስጡ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም። ለውዝ የማይስማማው ሰው አንድ ጉርሻ በልቶ አምቡላንስ ሊጠራ ይችላል። ሴትየዋ ክው ያለችው ተናዳ አይመስለኝም፣ ደንግጣ ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ባለቤቲቱን አትጠይቁ። እሷ ሥጋውን፣ ዋልነቱንና ሮማኑን የገዛችው ቀድማ ነው፣ ወንበሩም ባዶ አላደረም፣ ተበልቶበታል። ስለዚህ ሒሳቡ በእናንተ መሃል ነው፣ እሱም ቀላል ነው። የአክስቷን ልጅ ያመጣችው ልጅ 45 ፓውንዱን ለቀረችው ትስጥ። የአክስቷ ልጅ እንግዳ ናት፣ ከአገር ቤት የመጣች ናት፣ እሷን ክፈዪ አይባልም። ያመጣት ግን ይከፍላል። ይህን በግሩፑ ላይ አትጻፉት፣ አንዷ ደውላ ትንገራት። በጽሑፍ ሲሆን ሁሉ ነገር ይከፋል።

ለሴትየዋም አጭር ይቅርታ ላኩ። ስለ ትራፊክ፣ ስለ ባቡር አታውሩ። አዝናለሁ፣ አስጠበቅናችሁ፣ ምግቡ ግሩም ነበር፣ አለቀ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የመጀመሪያዬ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ቤት ነበር። ሰውየው ድስቱን ይዞ ዞሮ "ልጨምርልሽ?" ሲለኝ እንደ ደንባችን "አይ፣ በቃኝ" አልኩ። እንደገና "በሞቴ" እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነው እኮ! ሰውየው እሺ ብሎ አለፈ። ድስቱ ወደ ማድ ቤት ተመለሰ። በቃኝ ያለ ሰው በቃው ማለት ነው፣ እዚያ ቤት። 40 ፓውንድ ከፍዬ ቤቴ ገብቼ ፍርፍር ሠራሁ። ኢራኖች ጋ ቢሆን ይለይ ነበር። እነሱም ታሮፍ የሚሉት የይሉኝታ ሥርዓት አላቸው፣ እምቢ ሲባል ደግሞ መለመን ያውቁበታል። ያም ሆኖ ከፍላችሁ በሄዳችሁበት ይሉኝታውን ቤት ተዉት። ከራባችሁ "አዎ፣ አመሰግናለሁ" በሉ።

ሌላው የኛ ጠባይ ደግሞ "ልርዳሽ" እያሉ ማድ ቤት መግባት ነው። አትግቡ። አሥራ አንድ ሰሃን በተራ ተደርድሮ የምትሠራ ሴት መሃል ቆሞ ብርጭቆ ማጠብ እርዳታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ በመጋቢት ለልደቴ ሰፐር ክለብ ሊወስዱኝ ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ። ሄጄ ሰላጣ ልብላ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ለምን ይቅርብሽ። ግን "ቬጂቴሪያን ነኝ" እንዳትዪ፣ ብዙ ጾመኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቬጂቴሪያን ካልሽ አይብ ይመጣል፣ ዕንቁላል ይመጣል፣ ቅቤ የተነከረ ድንች ይመጣል። "ቪጋን" ነው የሚባለው። ዓሣ የምትበዪ ከሆነ እሱን ለብቻ ተናገሪ፣ የማትበዪ ከሆነም ዝም በዪ፣ ቪጋን ሲባል ዓሣ የለም። የሃይማኖት ታሪኩን ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ይህን ሁሉ የምትናገሪው ቦታው ሲያዝ ነው፣ በር ላይ ቆመሽ አይደለም። አንዳንዱ አዘጋጅ በፍጹም አልችልም ይላል፣ ዶሮ ያለ ቅቤ አይወጣልኝም እንደምትል የኛ ሴት። መብቱ ነው። ጓደኞችሽ ሌላ ቤት ይፈልጉ፣ ወይም ልደትሽን ከፋሲካ በኋላ ያክብሩልሽ።

ጥያቄ፦ በርሚንግሃም ነው የምኖረው። ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥሽን ለምን አትሸጪውም ይለኛል። ሳሎኔ ስምንት ሰው ይይዛል። በወር አንዴ ቅዳሜ ማታ ፈረንጆች ጠርቼ የሀበሻ እራት ላበላ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ፖሊስ ይመጣብሻል እያለ ያስፈራራኛል። ምን ማድረግ አለብኝ?

መልስ፦ ፖሊስ አይመጣም፣ ግን ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢሽ አስተዳደር፣ ማወቅ አለበት። እንግሊዝ ውስጥ በቤትሽም ቢሆን ምግብ እየሠራሽ በገንዘብ የምታቀርቢ ከሆነ ከመጀመርሽ ቢያንስ 28 ቀን ቀደም ብለሽ በምግብ ንግድነት መመዝገብ አለብሽ። ምዝገባው በነጻ ነው፣ እምቢ ሊሉሽም አይችሉም። ከዚያ አንድ ቀን ተቆጣጣሪ ማድ ቤትሽን ሊያይ ይመጣል፣ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጥሻል። ፍሪጅሽ ከ8 ዲግሪ በታች መሆኑን፣ ትኩስ የሚቀርበው ከ63 ዲግሪ በላይ መቆየቱን ያያል። ዋናው ጥያቄሽ መሆን ያለበት ይህ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ዶሮ ወጥ ሠርተን ድስቱን ምድጃው ላይ ከድነን የምናሳድር ሰዎች ነን። ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል፣ እውነት ነው፣ ግን በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ፣ ቶሎ ቀዝቅዞ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ቤቱ ኪራይ ከሆነም አከራይሽን አስፈቅጂ።

መጠጥ አትሽጪ። ፈቃድ ይጠይቃል። ለአንድ ምሽት ብቻ ከፈለግሽ 21 ፓውንድ ከፍለሽ ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን ቀደም ብለሽ ለካውንስሉ የምታስገቢው ማስታወቂያ አለ። ቀላሉ ግን አብዛኛው ሰው እንደሚያደርገው የየራሳችሁን ወይን ይዛችሁ ኑ ማለት ነው። ጠጅሽን ለጊዜው ለጓደኞችሽ አቆዪው።

አሁን ደግሞ ማንም ሀበሻ ወደማያስበው ነገር ልምጣ። እዚህ አገር አዘጋጁ ለተመጋቢው የመናገር ግዴታ ያለበት አሥራ አራት ዓይነት ምግብ አለ፣ ሰው ላይ አለርጂ የሚያስነሡ ተብለው የተለዩ። ዝርዝሩን ሳየው ሳቅሁ፣ ከዚያ ደነገጥሁ። ወተት አለበት፣ ንጥር ቅቤሽ እሱ ነው። ዕንቁላል አለበት፣ ያለ እሱ ዶሮ ወጥ የለም። ሰሊጥ አለበት። ሰናፍጭ አለበት! እኛ እንደ ዋዛ ጎን ላይ ጠብ የምናደርጋት ሰናፍጭ። ይህ ሳያንስ ግብጦም አለበት። አዎ፣ የጎጃሙ ግብጦ፣ እዚህ ሉፒን ይሉታል። ከአገር ቤት ተልኮልሽ ለቡና ቁርስ ልታቀርቢው ብትችዪ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ስለ እንጀራ ለብቻ ልናገር፣ በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይዋሻል፣ ሳያውቅ። ጤፍ ግሉተን፣ ያ የስንዴን ሊጥ የሚያለጠልጠው ነገር፣ የለውም። እውነት። ግን የምትጋግሪው እንጀራ ጤፍ ብቻ ነው ወይ? እዚህ ብዙዎቻችን ገብስ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ሰልፍ ሬዚንግ እየቀላቀልን ነው የምንጋግረው፣ የጤፍን ዋጋ ታውቂዋለሽ። ስንዴም ገብስም ግሉተን አላቸው። ስለዚህ "የኢትዮጵያ እንጀራ ግሉተን የለውም" ብለሽ ማስታወቂያሽ ላይ እንዳትጽፊ፣ ንጹሕ ጤፍ ካልሆነ በቀር። ሴሊያክ ያለበት፣ ማለትም ግሉተን የሚያሳምመው ሰው አምኖሽ ይመጣል፣ ታሞ ይመለሳል።

ሜኑን በተመለከተ፣ አታብዢው። ሰው ሲመጣብን ዘጠኝ ዓይነት ካልደረደርን የተዋረድን ይመስለናል። ስምንት ሰው ነው፣ አራት ዓይነት ይበቃል፣ አንዱ ዶሮ ወጥ ይሁን። ሽንኩርቱን ከዋዜማው ጀምሪ። ጥሬ ክትፎ ቤትሽ ውስጥ አታቅርቢ፣ ለማያውቁት ሰዎች የበሰለ ይሻላል፣ አንቺም እንቅልፍ ይወስድሻል። ጉርሻ ደግሞ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ንገሪያቸው። ሳትነግሪው የማያውቀው ሰው አፍ ውስጥ እጅሽን ይዘሽ አትግቢ። ካስረዳሻቸው በኋላ እርስ በርሳቸው ሲጎራረሱ ማየት ነው እንጂ ደስ የሚለው፣ ማታው የሚሞቀው ያኔ ነው።

ከቤት ተጀምሮ የት ይደርሳል ካልሽኝ፣ አስማ ካን የምትባል ከሕንድ፣ ከካልካታ የመጣች ሴት አለች። ሕግ ነበር የተማረችው። እንደ አውሮፓውያኑ በ2012 ለንደን ቤቷ ውስጥ ሰው እየጠራች ማብላት ጀመረች፣ በ2017 መሃል ከተማ ሬስቶራንት ከፈተች። ማድ ቤቷ ውስጥ የሚሠሩት የምግብ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ቤታቸው ሲያበስሉ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ሁሉም እንዲህ አይሆንም። ግን ባለቤትሽ ፖሊስ ሲልሽ ይህንን ንገሪው፣ ሽንኩርት መክተፉንም ያግዝሽ።

(ካሊፎርኒያ ሆናችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ የላካችሁ ሁለት አንባቢዎች፣ የናንተ ግዛት እንደ አውሮፓውያኑ በ2018 በቤት ማድ ቤት አብስሎ መሸጥን የሚፈቅድ ሕግ አውጥቷል፣ በቀን እስከ 30 ሰው ምግብ። ግን የሚሠራው የምትኖሩበት ካውንቲ ከተቀበለው ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ካውንቲያችሁን ጠይቁ።)

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ በ1971 ዓ.ም. ገደማ በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት አንዱ ነኝ። የወጣቶች ደሴት ነው ያደግሁት። በቅርቡ ከድሮ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሀቫና ተመልሰን በሰው ሳሎን ከፍለን እራት በላን፣ ፓላዳር ይሉታል። በኛ ጊዜ ይህ አልነበረም። አንቺ የምትጽፊው ሰፐር ክለብና ይህ አንድ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዘመድ ናቸው፣ ግን ኩባኖቹን ያስጀመራቸው ችግር ነው። የሶቪየት እርዳታ ተቋርጦ አገሩ ሲራብ፣ መንግሥት እንደ አውሮፓውያኑ በ1993 ሰው በግሉ እንዲሠራ ፈቀደ፣ ቤታቸውን ወደ ምግብ ቤት የለወጡትም በዚያው ዘመን ሕጋዊ ሆኑ። ግን በልክ ነበር። ከ12 ወንበር በላይ አይፈቀድም ነበር፣ የበሬ ሥጋና ሎብስተር ማቅረብም ክልክል ነበር። ስንቱ ቤት ጓዳ ውስጥ አሥራ ሦስተኛ ወንበር ደብቆ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። በኋላ ወደ 20፣ በ2011 ደግሞ ወደ 50 ከፍ አለ። ስሙ የመጣው በጊዜው ኩባ ውስጥ ሰው ሁሉ ይመለከተው ከነበረ የብራዚል ተከታታይ ድራማ ነው፣ በድራማው ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ ምግብ በመሸጥ የጀመረችው ሴት የከፈተችው ቤት ስም ነበር። ከጓደኞችዎ ጋር አሁን የበሉበት ከሳሎን አልፎ ግቢውን ሁሉ የያዘ ከሆነ የዚያ ለውጥ ውጤት ነው። እዚያ ሳሉ ምን እንደበሉ ግን አልነገሩኝም፣ ቅር ብሎኛል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። እኛ በወር ኮንትራት ምሳ የምንበላባት እናት አሉ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ሁሉ እሳቸው ጋ ነን። ይህ ሰፐር ክለብ አይደለም? ለምን የፈረንጅ ስም ይሰጠዋል?

መልስ፦ ስም መስጠቱን ተዪው፣ እሱ ለማስታወቂያ ነው። በር ላይ እንጨት ተክሎ ጣሳ የሚደፋ ጠላ ቤትም የሰው ቤት ነው፣ ባለቤቲቱ ልጇን እያዘለች ነው የምትቀዳው። ልዩነቱ አንድ ነው። እናንተ እናትየው ጋ የምትሄዱት ስለራባችሁና በኪሳችሁ ልክ ስለሆነ ነው፣ ነገም ትሄዳላችሁ። ሰፐር ክለብ የሚሄደው ሰው ማታውን ፈልጎ ነው፣ ያንን ቤት ዳግመኛ ላያየው ይችላል። የእናትየው ዓርብ ሽሮ ከየትኛውም ሰፐር ክለብ እንደሚበልጥ ግን አልጠራጠርም። የወሩን ሒሳብ በጊዜ ክፈሉ እባካችሁ፣ ጤፍ በዱቤ እየገዙ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የመጀመሪያዬን ሰፐር ክለብ ልሄድ ነው። ባዶ እጄን መሄድ ደብሮኛል። ምን ልያዝ?

መልስ፦ ወይን የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ ከተባለ ወይን። ካልተባለ ምንም፣ ከፍለሻል። ምንም ሳልይዝ ቤት መግባት አልችልም ካልሽ፣ ቡና። የተቆላ፣ የተፈጨ፣ በትንሽ ከረጢት፣ ስትወጪ ለአዘጋጇ ስጪያት። ምግብ ይዘሽ አትሂጂ፣ ሜኑዋን የናቅሽባት ይመስላታል። አበባም ቢቀር ይሻላል። ድስቷን ጥላ ማስቀመጫ ፍለጋ ቁም ሣጥን ስትከፍት፣ ጎንበስ ቀና ስትል፣ ከኋላዋ ሽንኩርቱ ሲያርር አይቻለሁ፣ አበባውን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።